ባቡሩን ሳይሳፈርበት የሞተው ሰውዬ፦ የለንደኑ ቻርለስ ፒርሰን

 ባለፈው ቪዲዮ ስለ ከተማ ባቡርና ስለ ብድር ስናወራ፣ አቅም የሌለው ከተማ ትልቅ ነገር ማሰብ የለበትም ወይ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። እኛ ቀን ታክሲ ላይ ውለን ማታ የምናነብ ሰዎች ነን፤ መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ቻርለስ ፒርሰን በ1793 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የወንበርና የሶፋ ልብስ ሠሪ ነበር። ልጁ ሕግ ተማረና ከ1839 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የሲቲ ኦፍ ለንደን አስተዳደር የሕግ ሹም ሆኖ ሠራ። ፓርላማም ገብቶ ነበር። አይሁዳውያን በከተማው ደላላ ሆነው እንዳይሠሩ የሚከለክለውን ደንብ የተሟገተ፣ ለተገፋ የሚቆም ሰው ነበር። ልብ በሉ፣ መሐንዲስ አይደለም፤ ሀብታም ባለአክሲዮንም አይደለም።

ያኔ ለንደን ጭንቅንቅ ብላለች። የባቡር ኩባንያዎች ጣቢያዎቻቸውን ከመሀል ከተማ ውጪ ሠርተው፣ ሰው ከዚያ ወዲያ በእግሩ ወይ በፈረስ ጋሪ ነው የሚገባው። ፒርሰን መንገደኛውን አስቆጠረ። በቀን ወደ 200,000 ሰው በእግሩ፣ 44,000 ሰው ደግሞ ፈረስ በሚጎትተው አውቶብስ ወደ ሲቲ ይገባል። ትራፊክ ውስጥ ሰዓታችን ለሚቃጠለው ለእኛ ይሄ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

የሱ ሕልም ግን መንገድ ማቅለል ብቻ አልነበረም። ድሃው ሠራተኛ ሥራው አጠገብ ለመሆን ሲል በቆሸሸ ሰፈር ተጨናንቆ ይኖራል። ርካሽ ባቡር ካለ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ጓሮ ያላት ቤት ውስጥ ልጆቹን ያሳድጋል። ፒርሰን ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ነው።

በ1845 ባቡሩ በፍሊት ሸለቆ ከመሬት በታች ወደ ፋሪንግደን ይግባ ብሎ ጽሑፍ አወጣ። በእንፋሎት ሳይሆን በአየር ግፊት እንዲገፋ ነበር ያሰበው። ቀጥሎ ፋሪንግደን ላይ ኩባንያዎች ሁሉ የሚጋሩት፣ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት ትልቅ ጣቢያ ይሠራ አለ። በ1846 የመንግሥት ኮሚሽን ውድቅ አደረገበት። በ1852 ሌላ ኩባንያ እንዲቋቋም አደረገ፤ ገንዘቡ አልመጣም።

እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ። ሰውዬው ሕልሙን አልጣለም፤ ሕልሙን ከኪሱ ጋር አስታረቀ። ትልቁ ጣቢያ ቀረ፣ የአየር ግፊቱም ቀረ። ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች አጭር መስመር ተያዘች። እሷም አብዛኛው መንገዷ ነባር አውራ ጎዳና ሥር ነው፤ መንገዱን ቆፍሮ፣ ግንብ ገንብቶ፣ መልሶ መክደን። ለምን? ከላይ መንገድ ከሆነ ቤት እየገዙ ማፍረስ የለማ።

ፓርላማው በ1854 ፈቀደ። ግን ጊዜው የክራይሚያ ጦርነት ስለነበር ገንዘብ ያለው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ኩባንያው ሊፈርስ ደረሰ። በ1858 መጨረሻ ፒርሰን፣ ዳይሬክተር እንኳ ሳይሆን፣ ገብቶ አስማማ። ኩባንያው ፋሪንግደን አካባቢ መሬት በ179,000 ፓውንድ ከከተማው ይገዛል፤ ከተማው ደግሞ በ200,000 ፓውንድ አክሲዮን ይገዛል። ታላቁ ምዕራብ ባቡር ኩባንያም 175,000 ፓውንድ አዋጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ከተማው በኋላ አክሲዮኑን አትርፎ ሸጦታል።

ቁፋሮው በ1860 ተጀመረ። በሰኔ 1862 የፍሊት ፍሳሽ ቦይ ፈንድቶ ሥራውን አጥለቀለቀው። ፒርሰን መስከረም ላይ ሞተ። ባቡሩ ለሕዝብ የተከፈተው ጥር 10 ቀን 1863 ነው፤ አራት ወር ብቻ ቢቆይ ኖሮ ያየው ነበር። በመጀመሪያው ቀን 38,000 ሰው ተሳፈረ። ኩባንያው በሕይወት ሳለ ሊሸልመው ፈልጎ እምቢ ብሎ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ለሚስቱ በዓመት 250 ፓውንድ ቆረጠላት።

ሁሉም አማረ አንልም። ዋሻው በእንፋሎት ባቡር ጭስ ይታፈን ነበር። ፍሊት ሸለቆ ላይ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች ቤታቸው ፈርሶባቸዋል፤ ያውም ፒርሰን ይጠቀማሉ ያላቸው እነሱው። የሠራተኛው ርካሽ ቲኬት የመጣው በ1864 ነው፤ የደርሶ መልስ 3 ፔንስ። ቤቱ ለፈረሰበት ግን ቲኬት ቤት አይሆንም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ማሰቡ ስህተት አልነበረም። ግን ከመቁረጡ ሪባን ባሻገር፣ በአሥረኛው ዓመት ማን ይጠግነዋል፣ በምን ገንዘብ የሚለውን ቀድሞ የሚጠይቅ እንደ ፒርሰን ዓይነት ቆጣሪ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ መልሳችን ይሄ ነው፤ አስቡ፣ በትልቁ አስቡ። ሲቆረጥ ግን ጌጡ ይቆረጥ፣ ድሃው የሚሳፈርበት አይቆረጥ። ለንደን ያላችሁ፣ ፋሪንግደን ስትወርዱ ሰውዬውን አስታውሱት።

ቸር ይግጠመን።