ጆን ኦዶኖቫን፤ የአገሩን ስም ከሽማግሌ አፍ የለቀመ ሰው

መምህራችን የአንድ ዝነኛ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ ጓደኞቼ የጦር አለቆችን መረጡ። እኔ ግን ቀለምና ወረቀት ይዞ አየርላንድን የዞረውን ጆን ኦዶኖቫንን መረጥሁ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ኦዶኖቫን በ1806 ዓ.ም. በኪልኬኒ አውራጃ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተበት፤ የጥንቱንም ታሪክ ከአጎቱ ሲሰማ አደገ።

የእንግሊዝ መንግሥት ለመሬት ግብር እንዲረዳው ብሎ በ1824 የአየርላንድን ካርታ ማስነሣት ጀምሮ ነበር። ካርታውን የሚያነሡት ወታደሮች ግን የአገሬውን ቋንቋ ጌሊክን ስለማያውቁ የቦታውን ስም ያበላሹት ነበር። ስለዚህ በ1830 ኦዶኖቫን ስሞቹን እንዲመረምር ተቀጠረ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። «ክኖክ» ኮረብታ፣ «ግሌን» ሸለቆ፣ «ሎክ» ሐይቅ ነው። ደሪ የተባለችው ከተማ የበሉጥ ዛፍ ደን፣ ደብሊንም ጥቁር ኩሬ ማለት ነው። ጭንቁ «ኪል» ላይ ነው። በጌሊክ ቤተ ክርስቲያን «ኪል»፣ ደን ደግሞ «ኲል» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ግን ሁለቱም አንድ ሆኑ። እንግዲህ ኪልሞር የሚባል ቦታ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይሁን ታላቅ ደን በምን ይታወቃል? እኛም «አለ» ብለን ብንጽፍ ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ ይለያያል፤ የሚፈርደው ጆሮ ነው።

ኦዶኖቫንም የጥንት መጻሕፍትን ቢመረምርም ያለ ጆሮው አልፈረደም። ከ1834 ጀምሮ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየሄደ፣ ዝናም እየመታው፣ ሽማግሌዎች የቦታውን ስም እንዲጠሩለት ይለምን ነበር። የሰማውንም በደብዳቤ ወደ ደብሊን ይልካል።

አንድ ነገር አናድዶኛል። በካርታው ላይ የታተመው የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው፤ እርሱንም በማውጣት የረዳው ራሱ ኦዶኖቫን ነው። ጌሊኩ ከነትርጉሙ በመዝገብ ውስጥ ቀረ። ነገር ግን በ1845 የድንች በሽታ ገባና ረኃቡ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጀ፤ ሌላም ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ጌሊክ ተናጋሪ ድኾች ነበሩ። ይህን ካነበብሁ በኋላ ቊጣዬ በረደ፤ ዐሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሄድ ኖሮ ከሽማግሌዎቹ ስንቱን ያገኝ ነበር?

በ1845 የጌሊክ ሰዋስው አሳተመ። ከ1848 እስከ 1851 ደግሞ የአየርላንድን ታላቅ የዜና መዋዕል መጽሐፍ ከነትርጉሙ አወጣ። በቤልፋስት የጌሊክ መምህር ሆኖ ቢሾምም ተማሪ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በ1861 ደብሊን ውስጥ ሞተ። እነዚያ በጉዞ ላይ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ዛሬም አሉ፤ የአንድ መንደር ስም ያጠራጠረው ሊቅ የሚያገላብጠው እነርሱን ነው።