ሮበርት ኦወንና የሠራተኞቹ ቤት

እኛ የደሃና ልጆች ቤት ሲሠራ ጎረቤት ድንጋይ ሲያቀብል እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ ኅብረት ሲነሳ ስሙ የማይዘለለውን ሮበርት ኦወንን ለዚህ ሰሌዳ መረጥን።

ኦወን በ1771 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ ኒውታውን ከኮርቻ ሠሪ ቤት ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ጨርቅ ሻጭ ዘንድ ገባ። በሃያ ዓመቱ ገደማ፣ ማለትም በኛ ዕድሜ፣ ማንቸስተር ላይ የ500 ሠራተኞች አለቃ ሆነ!

በ1800 በስኮትላንድ የኒው ላናርክን የጥጥ ፋብሪካ ያዘ። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ በጠባብ ክፍል ታጭቆ ይኖር ነበር። ኦወን ቤቶቹን አሰፋ፣ መንገዱን አስጠረገ፣ በርካሽ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። ሰዉ ግን አላመነውም። የአሜሪካ ጥጥ ተቋርጦ ፋብሪካው አራት ወር ሥራ ሲያቆም ደመወዛቸውን ሳይቀንስ ከፈለ፤ ያመኑት ያኔ ነው። በ1816 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ መምህራኑም ልጅ እንዳይመቱ ከለከለ። (እኛስ ለልምምድ ስንወጣ ይህን እናስታውሰው ይሆን?)

በ1825 አሜሪካ ውስጥ ኒው ሃርመኒ የተባለ መንደር ገዝቶ የጋራ ኑሮ ጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል እንጂ አልዘለቀም፤ አብዛኛው ሀብቱም እዚያው ቀረ። እንደሚመስለን ጥፋቱ የሱም ነው፤ መጪው በዝቶ ባለሙያው ሲያንስ እሱ ብዙ ጊዜ በቦታው አልነበረም።

በ1844 ግን ሮችዴል ላይ 28 ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ትንሽ የኅብረት ሱቅ ከፈቱ። ከመካከላቸው የኦወን ተከታዮች ነበሩ፤ ለአባላት ቤት መሥራትም ከዓላማቸው አንዱ ነበር። ኦወን ይህን አይቶ በ1858 እዚያው በተወለደባት ኒውታውን ሞተ።