ሪቻርድ ፋይፈርና የኢንፍሉዌንዛ ተሕዋስ

ዶክተር ሪቻርድ ፋይፈር በ1858 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፕሩሲያ፣ በፖዘን አውራጃ፣ ዝዱኒ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በርሊን በሚገኘው የጦር ሠራዊት የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከ1887 ጀምሮ የዝነኛው የሮበርት ኮኽ ረዳት ሆኑ።

ከ1889 ጀምሮ ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ ፋይፈር የሕሙማንን አክታ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በአክታውም ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎችን በብዛት ስላገኙ፣ በ1892 የበሽታው መንስኤ እነዚሁ መሆናቸውን አስታወቁ። ባክቴሪያዎቹ በእንስሳት ላይ ትክክለኛውን ኢንፍሉዌንዛ ሊያስነሡ ባይችሉም፣ የሳይንቲስቱ ዝና ከፍ ያለ በመሆኑ ሐሳባቸው በሰፊው ተቀባይነት አገኘ። በኋላም በኮኒግስበርግና በብሬስላው ፕሮፌሰር ሆነው አገልግለዋል።

በአገራችን የኅዳር በሽታ የተባለው የ1918 ወረርሽኝ ግን ጥርጣሬን አስነሣ። ባክቴሪያው በሳንባ ምች ከሞቱት በአንዳንድ ስፍራ በብዙዎቹ ሲገኝ፣ በሌላ ስፍራ በጥቂቶች ብቻ ታየ፤ በጤነኞች ጉሮሮም ተገኘ። በ1933 ስሚዝ፣ አንድሩስና ሌይድሎ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሕሙማንን የጉሮሮ እጣቢ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ አሳልፈው፣ ፌሬት በሚባሉ ትናንሽ ሥጋ በል እንስሳት አፍንጫ ውስጥ ጨመሩት። እንስሳቱም ታመሙ። መንስኤው ቫይረስ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ፋይፈር ያን ጊዜ የ75 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ በ1945 አረፉ።

ያገኙት ባክቴሪያ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ በሚለው ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። ራሱም የሳንባ ምች ያስከትላል፤ ቫይረስ ያዳከመውን ሳንባም ያጠቃል። ስለዚህ ፋይፈር ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ ስሕተቱ ከታየው ነገር የተወሰደው ድምዳሜ ነው።

ዛሬ ፒ.ሲ.አር. የተባለው ምርመራ በብርቱ የሳንባ ምች ከታመመ ጐልማሳ አፍንጫ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የቫይረስን ዘረ መል በሰዓታት ያሳያል። ይሁን እንጂ የተገኘው ቫይረስ ሳንባውን ያቆሰለው፣ ካለፈ ሕመም የቀረ ርዝራዥ ወይም የባክቴሪያ ተባባሪ ሊሆን ይችላል። ከአፍንጫ ያልተገኘውም አንዳንድ ጊዜ ከሳንባው ጥልቅ ክፍል በሚወሰድ ናሙና ይገኛል። ቫይረስ ተገኘ ብሎ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን በችኮላ የሚያቋርጥ ሐኪም የሕመምተኛውን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ የምርመራውን ውጤት ከራጁና ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ማመዛዘን ይገባዋል።