የሉዊ ሸቭሮሌ የሕይወት ታሪክ

ሸቭሮሌ የሚለውን ስም በመኪና ላይ ያላነበበ ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ይህ የአንድ ሰው ስም መሆኑን፤ ባለ ስሙም ስሙን ለሌሎች ትቶ የሄደ መሆኑን የሚያውቁ ብዙዎች አይመስሉኝም። ለመንገድ የተሠራ ሞተር ለእሽቅድምድም ከተዘጋጀው በምን እንደሚለይ ከዚህ ሰው ሕይወት የበለጠ የሚያስረዳ ስላላገኘሁ ታሪኩን ለመጻፍ ተነሣሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ሸቭሮሌ በስዊስ አገር በዲሴምበር 25 ቀን 1878 ከሰዓት ሠሪ አባት ተወለደ። ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተሻገረ በዚያ ብስክሌት እየጠገነና እየተሽቀዳደመ አደገ። በ1900 ወደ ካናዳ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1905 በፊያት መኪና ተሽቀዳድሞ ስሙ ታወቀ፤ ቆይቶም ለቢዊክ ኩባንያ ይነዳ ጀመር። የቢዊክ አለቃ ዊሊያም ዱራንት ነበር። ሁለቱ ተስማምተው በ1911 ሸቭሮሌ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

የመጀመሪያው መኪናቸው ስድስት ሲሊንደርና 40 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ሆኖ በ2,150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሉዊ የወደደው እንዲህ ያለውን ነው። ዱራንት ግን ማንም ሊገዛው የሚችል ርካሽ መኪና ፈለገ፤ በዚህም ተጣሉ። ሉዊ ድርሻውን ሸጦ ወጣ፤ ስሙ ግን ከኩባንያው ጋር ቀረ። ከዚያ በኋላ የወጣው ርካሽ መኪና መጠሪያው ዋጋው ነበረ፤ 490። በዚህ ነገር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል፤ እኔ ዱራንት ተሳስቷል አልልም። ገበሬ ወደ ገበያ የሚሄድበት መኪና የእሽቅድምድም ሞተር ምን ያደርግለታል?

ሉዊም ከወንድሞቹ ከአርተርና ከጋስቶን ጋር ፍሮንቴናክ የሚባሉ የእሽቅድምድም መኪናዎችን ሠራ። በ1920 ጋስቶን የኢንዲያናፖሊስን 500 ማይል አሸነፈ፤ ደስታው ግን አልቆየም፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር በካሊፎርኒያ ሲሽቀዳደም ሞተ።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው። ወንድማማቾቹ ርካሽ የተባለውን የፎርድ ሞዴል ቲ ሞተር አንሥተው ፈጣን አደረጉት። ይህ ሞተር አራት ሲሊንደርና 2.9 ሊትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጉልበቱ 20 ፈረስ ብቻ ነበረ። ምክንያቱ አተነፋፈሱ ነው። ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ስለ ተተከሉ የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ ከጎን ገብቶ፤ ተጠማዝዞ ከፒስተኑ በላይ ይደርሳል፤ ጭሱም በዚያው ጠማማ መንገድ ይመለሳል። ድብልቁም የሚታመቀው በጥቂቱ ነው። ይህ ግን ስንፍና አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሞተር በመናኛ ቤንዚን ይሠራል፤ በእጅም ለማስነሣት ይቀላል።

ሸቭሮሌዎች የሞተሩን ክዳን፤ መካኒኮቻችን ቴስታታ የሚሉትን፤ አንሥተው ፍሮንቲ የተባለውን የራሳቸውን ክዳን ሠሩለት። በእርሱ ቫልቮቹ ከፒስተኑ በላይ ሆኑ፤ መተላለፊያው ሰፋ፤ ድብልቁም ይበልጥ ታመቀ። የታችኛው አካል ያው የፎርድ ነበር። ትርፉ ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ሞተሩ ጉልበት ሲጨምርና በብርቱ ሲዞር ከበታች ያለው ብረት ይጨነቃል፤ ፎርድ ያለ ፓምፕ፤ በመርጨት ብቻ ያቀርበው የነበረው ዘይትም ለእሽቅድምድም አይበቃም።

በ1923 በኢንዲያናፖሊስ እንዲህ ያለ አንድ ፎርድ ለእሽቅድምድም ብቻ ከተሠሩ ውድ መኪናዎች ጋር ተወዳድሮ አምስተኛ ወጣ። ከርካሽ መኪና የተጣላው ሰው ርካሹን መኪና ከዚያ አደረሰው።

ሉዊ ሸቭሮሌ ባለ ጸጋ ሳይሆን በጁን 6 ቀን 1941 በ62 ዓመቱ አረፈ። በዚያ ጊዜ ስሙን የተሸከሙት መኪናዎች በሽያጭ ከፎርድ ይበልጡ ነበር። የተቀበረውም በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነው።