ትን ያላቸውን ልጆች ያዳነው ሐኪም

ነጌሌ ቦረና በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስፈራኛል። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ወይም ቡና ቀላ ይቀርባል፣ ገና መሮጥ የጀመረ ሕፃን ከሳህኑ ዘግኖ እየሳቀ ይፈተለካል። አንዷ ፍሬ ወደ አየር ቧንቧው ብትገባስ? አዲስ አበባ እኮ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች።

ስለ ቼቫሊየር ጃክሰን ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ፍርሃት ነው። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ጃክሰን በ1865 ፒትስበርግ፣ አሜሪካ ተወለደ። ልጅ ሳለ እኩዮቹ ክፉኛ ያሰቃዩት ነበር። በ1886 ፊላዴልፊያ ውስጥ ከጀፈርሰን ሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። በ1897 ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኪሊያን ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ አጥንት በቱቦ አወጣ። ጃክሰን ደግሞ ጫፉ ላይ ትንሽ አምፖል ያለበት ቱቦ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የተሰነቀረውን ነገር በደንብ እያየ መያዝ ቻለ።

በሁለቱም እጁ እኩል ይሠራል፣ መሣሪያውን ራሱ ይነድፋል፣ በአሻንጉሊት ይለማመዳል። ራሱን የሳንባ ነቀርሳ ደጋግሞ አልጋ ላይ ጥሎታል። ከብዙ ድሆች ገንዘብ አልተቀበለም። ከታካሚዎች ጉሮሮና ሳንባ የወጡ ከ2,000 በላይ ሳንቲሞች፣ ቁልፎች፣ መርፌ ቁልፎችና ፍሬዎች ዛሬም ፊላዴልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ተደርድረዋል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዘመኑ ልጆች ቤት ውስጥ የተቀመጠ ኮስቲክ ሶዳ እየጠጡ ጉሮሯቸው ተቃጥሎ ይመጡበት ነበር። ማከም ብቻ አልበቃውም። ዓመታት ወትውቶ በ1927 መርዛማ ኬሚካል ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ አደረገ። አንድ ወረቀት ከስንት ቀዶ ሕክምና ይረክሳል! እኛ ግን ዛሬም በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ እናስቀምጣለን።

ጃክሰን በ1958፣ በ92 ዓመቱ አረፈ።

ከሱ ሕይወት ወደ ቤታችን የምንወስደው ይኼን ነው። ልጅ እየበላ ድንገት ትን ብሎት ሳሉ ቢቆምለት እንኳ "አለፈለት" አትበሉ። ፍሬ በኤክስሬይ ላይታይ ይችላል፤ ምን ይበላ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ። የማይታያችሁን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፣ ይበልጥ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። የቆሎውን ሳህን ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከነጌሌ ለሚነሳ ሰው፣ ከ600 ኪሎ ሜትር መንገድ እሷ ትቀላለች።