ጄኔራል ቤክዊዝ፦ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤተሰብ የሆነው ሰው

ጆን ቻርልስ ቤክዊዝ እ.ኤ.አ. በ1789 በዛሬዋ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ከተማ ተወለደ። የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሳለ በ1815 በዋተርሉ ጦርነት አንድ እግሩን አጣ። ለወታደር ይህ የነገር ሁሉ ማብቂያ ይመስላል፤ ጌታ ግን ሌላ ሥራ አዘጋጅቶለት ነበር።

በ1827 ስለ ዋልደንሳውያን የሚናገር መጽሐፍ በእጁ ገባ። እነዚህ አማኞች በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን ሸለቆዎች ለዘመናት ስለ ወንጌል የተሰደዱ ናቸው። ቤክዊዝ ሊጎበኛቸው ሄደ፤ ውሎ አድሮም ኑሮውን ከእነርሱ ጋር አደረገ።

የገበሬው ልጆች የሚማሩት ብዙ ጊዜ በከብት በረት ውስጥ ነበር። እርሱም በእንጨት እግሩ ተራራውን እየወጣና እየወረደ፣ ጎጆአቸው እየገባ፣ ከ100 በላይ የመንደር ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ወይም እንዲታደሱ አደረገ።

በ1848 ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ የዜግነት መብት ሲሰጣቸው ቤክዊዝ ዝም አላለም። ወንጌልን ለመላው ጣሊያን እንዲያደርሱ፣ ለዚህም ከለመዱት ፈረንሳይኛ ይልቅ ጣሊያንኛን እንዲይዙ አጥብቆ መከራቸው።

በ1850 የአገሩን ልጅ ካሮሊን ቮልን አገባ። ለጋሽ ብቻ መሆን ይችል ነበር፤ እርሱ ግን አማች ሆነ፣ ማዕዳቸውም ማዕዱ ሆነ። በ1862 በቶሬ ፔሊቼ ሲያርፍ ሥዕሉ በብዙ ድሆች ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ብዙዎቻችን በሰው አገር እንኖራለን። ገንዘባችንን መስጠት ቀላል ነው። የጎረቤታችንን ደጃፍ አልፈን ከማዕዱ ተካፍለን እናውቃለን?