ሐኪሙ ጄምስ ፓርኪንሰን

ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን አጠገብ ሆክስተን በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለ ነበር እርሱም ያንኑ ሙያ ተምሮ በተወለደበት መንደር ሕሙማንን ሲያክም ኖረ።

በዚያ ዘመን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ሲራመዱም ሳይወዱ ወደ ፊት የሚንደረደሩ ሰዎች ይታዩ ነበር። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች የአንድ በሽታ መሆናቸው ተለይቶ አልተገለጸም ነበር። ፓርኪንሰን ስድስት ሕሙማንን በጥሞና ተመለከተ። ከእነርሱም ሁለቱን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ሲሆን፣ አንዱን ያየው ከሩቅ ብቻ ነበር። ያስተዋለውንም እ.ኤ.አ. በ1817 በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ለፈውስ ያቀረበው ሐሳብ ከአንገት ደም ማውጣት ነበርና አልጠቀመም። መድኃኒቱን ሳያይ በ1824 ሞተ።

ከጊዜ በኋላ ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በሽታውን በፓርኪንሰን ስም ጠራው። በ1960 በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ማነሱ ታወቀ። በ1961 ቪየና ውስጥ፣ በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው፣ ከአልጋ መነሣት ተስኗቸው የነበሩ ሕሙማን ተነሥተው ተራመዱ። ይህ መድኃኒት ምልክቶቹን ያቀልላል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም።

ፓርኪንሰን ፈውስ አላገኘም፤ ነገር ግን ፈውስ ፈላጊዎች ሁሉ የተነሡት እርሱ አስተውሎ ከጻፈው ነው።